ምላሽ፦ በኮባልት-ዚንክ ፌራይት የሞስባወር ስፔክትረም ላይ ስለታየው ደብሌትና ስለ ካታዮን ስርጭት ስሌት

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን ለ2 የብረት አቶም 0.7 ኮባልትና 0.3 ዚንክ የሚደርስበትን ስፒነል ፌራይት (የብረትና የሌሎች ብረታ ብረቶች ማግኔታዊ ኦክሳይድ) በሶል-ጄል ዘዴ ሠርተው፣ በኤክስሬይ ዲፍራክሽን ነጠላ ፌዝ (አንድ ዓይነት ክሪስታል ብቻ) መሆኑንና የክሪስታሎቹ አማካይ መጠን ወደ 10 ናኖ ሜትር እንደሚሆን አረጋግጠዋል። በክፍል ሙቀት የለኩት ማግኔታይዜሽን በ1.5 ቴስላ 52 ኢኤምዩ (የማግኔታዊ ሞመንት አሃድ) በግራም ሲሆን፣ የሂስተሬሲስ ኩርባው ከሞላ ጎደል የተዘጋ ነው (መስኩ ሲወጣና ሲወርድ የሚሣሉት መስመሮች ይገጥማሉ)። በዚያው ሙቀት የተወሰደው የሞስባወር ስፔክትረም ግን መስመሮቹ የወፈሩ አንድ ሴክስቴትና (ስድስት መስመር)፣ መሃል ላይ ከጠቅላላው የመስመሮች ስፋት ሲሶ ያህሉን የያዘ ደብሌት (ሁለት መስመር) ያሳያል። የጠየቁት ሦስት ነገር ነው፦ ደብሌቱ ባዕድ የዚንክ ፌራይት ፌዝ ነው ወይ? ከሴክስቴቱና ከኤፍቲአይአር (የኢንፍራሬድ መምጠጥ ልኬት) ባንዶች ተነስቶ የካታዮን ስርጭቱን (የብረታ ብረት አዮኖቹ በየትኛው ቦታ እንደተቀመጡ) ማስላት ይቻላል ወይ? ማግኔታይዜሽኑስ ለምን ዝቅ አለ?

አሁን በእጅዎ ያለው ዳታ ደብሌቱን ባዕድ ፌዝ ለማለት አያበቃም። የካታዮን ስርጭትም ከክፍል ሙቀት ስፔክትረም ብቻ አይወጣም፤ ከኤፍቲአይአርማ ጭራሹን አይወጣም። ማግኔታይዜሽኑ ለምን እንዳነሰ ለማወቅ ቢያንስ ሁለት ተጨማሪ ልኬት ያስፈልግዎታል። ምክንያቱን በዝርዝር ላስረዳ።

በስፒነል አወቃቀር አንድ የዩኒት ሴል ክፍል 32 የኦክስጅን አዮኖችን ይይዛል። በመካከላቸው ካሉት 64 ቴትራሄድራል (በ4 ኦክስጅን የተከበቡ) ክፍተቶች 8ቱ፣ ከ32 ኦክታሄድራል (በ6 ኦክስጅን የተከበቡ) ክፍተቶች ደግሞ 16ቱ በብረታ ብረት አዮኖች ይሞላሉ። የመጀመሪያዎቹን ኤ፣ ሁለተኛዎቹን ቢ እንበላቸው። ሉዊ ኔል እ.ኤ.አ. በ1948 ባቀረበው ሞዴል መሠረት የኤ ስፒኖች ሁሉ በአንድ አቅጣጫ፣ የቢ ስፒኖች ሁሉ በተቃራኒው ስለሚቆሙ፣ የምንለካው ማግኔታይዜሽን የሁለቱ ልዩነት ነው። ስለዚህ አንድ አዮን ከኤ ወደ ቢ ቢዛወር የናሙናው ኬሚካላዊ ይዘት ሳይለወጥ ማግኔታይዜሽኑ ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላል። ዚንክ በተፈጥሮው ኤን ይመርጣል፤ ኮባልትና ኒኬል ወደ ቢ ያዘነብላሉ፤ ፌሪክ ብረት (3 ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ብረት) የቀረውን ቦታ ይይዛል። ይህ ምርጫ በደንብ ተጠብሶ ቀስ ብሎ ለቀዘቀዘ ናሙና በአመዛኙ የሚሠራ ሲሆን፣ በዝቅተኛ ሙቀት ለተሠራ የ10 ናኖ ሜትር ቅንጣት ግን እንደ ዋስትና መወሰድ የለበትም። ጥያቄዎን ተገቢ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ከደብሌቱ እንጀምር። ሞስባወር ስፔክትሮስኮፒ የሚጠቀመው ከብረት-57 ኒውክለስ የሚወጣውን የ14.4 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጋማ ጨረር ነው። በኒውክለሱ ቦታ ላይ ጸንቶ የሚቆይ ማግኔታዊ መስክ ካለ ስድስት መስመር እናያለን፤ መስኩ ከሌለ ወይም አማካዩ ዜሮ እስኪሆን ድረስ በፍጥነት የሚገለባበጥ ከሆነ የምናየው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ጉዳዩ ያለው “በፍጥነት” በሚለው ቃል ላይ ነው። የሞስባወር ዘዴ የሚለየው የጊዜ ልክ ከ1 እስከ 10 ናኖ ሴኮንድ አካባቢ ሲሆን፣ ቪኤስኤም (ማግኔታይዜሽን የሚለካው መሣሪያ) አንድን ነጥብ ለመለካት ሴኮንዶች፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በፍጥነት የሚሾር እንዝርት ዙሩ ለዓይን ተለይቶ እንደማይታይ ሁሉ፣ በማይክሮ ሴኮንዶች የሚገለባበጥ ቅንጣት ለቪኤስኤም ማግኔታዊ ትዝታ የሌለው ሲመስል ለሞስባወር ግን የቆመ ነው።

በቁጥር እንየው። ለስሌት ያህል የአናይሶትሮፒ ኢነርጂውን (ሞመንቱ አቅጣጫውን እንዳይለውጥ የሚይዘውን ኢነርጂ) በሜትር ኩብ 100,000 ጁል፣ የመሠረታዊ መገለባበጫ ጊዜውን 0.1 ናኖ ሴኮንድ እናድርግ። ዲያሜትሩ 10 ናኖ ሜትር ለሆነ ቅንጣት በክፍል ሙቀት የአናይሶትሮፒ ግድቡ ከሙቀት ኢነርጂው 12 ወይም 13 ጊዜ ይበልጣል፤ የመገለባበጫ ጊዜውም ወደ 30 ማይክሮ ሴኮንድ ይደርሳል። ይህ ቅንጣት በቪኤስኤም ሱፐርፓራማግኔቲክ ነው (ሞመንቱ በሙቀት ይገለባበጣል)፣ ኮኧርሲቪቲም (ማግኔታይዜሽኑን ዜሮ ለማድረግ የሚያስፈልግ ተቃራኒ መስክ) አያሳይም፤ በሞስባወር ግን ሙሉ ሴክስቴት ይሰጣል። በዚያው ናሙና ውስጥ ያለ የ5 ናኖ ሜትር ቅንጣት ደግሞ ግድቡ ከሙቀት ኢነርጂው 1.6 እጥፍ ብቻ ስለሚሆን በግማሽ ናኖ ሴኮንድ ይገለባበጣል፤ የሚሰጠውም ደብሌት ነው። ስለዚህ ያዩት ነገር ሁሉ፣ የተዘጋው ኩርባ፣ ሴክስቴቱና ደብሌቱ፣ አንድ ፌዝ ባለውና የቅንጣቶቹ መጠን ሰፋ ብሎ በተበተነ ናሙና ብቻ ሊብራራ ይችላል። ባዕድ ፌዝ መጥራት የግድ አይደለም።

ይህ ማለት ግን ባዕድ ፌዝ የለም ማለት አይደለም። ፓራማግኔቲክ (ማግኔታዊ ሥርዓት ያልያዘ) የሆነው የዚንክ ፌራይትም በክፍል ሙቀት የሚሰጠው አይሶመር ሺፍቱ (የመስመሮቹ ማዕከል መንሸራተት፣ በጋማ ምንጩ ፍጥነት የሚለካ) ከአልፋ ብረት አንጻር በ0.35 ሚሊ ሜትር በሴኮንድ አካባቢ የሆነ ደብሌት ነው፤ ከሱፐርፓራማግኔቲክ ደብሌት በመለኪያ ቁጥሩ አይለይም። ብዙ ጽሑፎች እዚህ ላይ በኳድሩፖል ስፕሊቲንጉ (በሁለቱ መስመሮች መካከል ባለው ርቀት) ጥቂት ልዩነት ተመርኩዘው ፍርድ ሲሰጡ ይታያል፤ እኔ አልተማመንበትም። የሚለየው ማቀዝቀዝ ነው። ናሙናውን በፈሳሽ ናይትሮጅን ወደ 80 ኬልቪን ያውርዱት። ደብሌቱ ከስሞ ስፋቱ ወደ ሴክስቴቱ ከገባ የትንንሾቹ ቅንጣቶች ነበር ማለት ነው። በደንብ የተዋቀረ ኖርማል ዚንክ ፌራይት (ዚንኩ በሙሉ ኤ ላይ ያለበት) ግን ማግኔታዊ ሥርዓት የሚይዘው 10 ኬልቪን አካባቢ ሲደርስ ስለሆነ በ80 ኬልቪን ደብሌት ሆኖ ይቀራል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ የናኖ ዚንክ ፌራይት ካታዮኖች ራሳቸው የተዛቡ ስለሚሆኑ ከ10 ኬልቪን ከፍ ብሎም ሥርዓት ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ በ80 ኬልቪን የቀረ ደብሌት ጠንካራ ማስረጃ ሲሆን፣ የጠፋ ደብሌት ያን ያህል ጠንካራ አይደለም፤ በሁለትና በሦስት ሙቀት ለክቶ አካሄዱን ማየት ይሻላል።

ወደ ካታዮን ስርጭቱ ልለፍ፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተውም እዚህ ነው። የተለመደው አሠራር ሴክስቴቱን በሁለት ሴክስቴት ፊት አድርጎ (ስሌታዊ ኩርባ ከዳታው ጋር አገጣጥሞ)፣ አይሶመር ሺፍቱ ያነሰውን ኤ፣ የበለጠውን ቢ ብሎ፣ የስፋቶቹን ንጽጽር እንደ ብረት ንጽጽር መውሰድ ነው። በመርህ ደረጃ ትክክል ነው፤ በክፍል ሙቀት ግን የሁለቱ አይሶመር ሺፍት ልዩነት 0.1 ሚሊ ሜትር በሴኮንድ ያህል ሲሆን፣ የአንድ መስመር ዝቅተኛው ወርድ እንኳ 0.19 ነው፤ በእርስዎ ናሙና ደግሞ ከዚህ በብዙ ይሰፋል።

የሚሰፋበት አንዱ ምክንያት ዚንኩ ነው። አንድ የቢ ብረት 6 የቅርብ የኤ ጎረቤቶች አሉት። ከኤ ቦታዎች 30 በመቶው በዚንክ ከተያዙና አቀማመጣቸው በዕድል ከሆነ፣ አንድም የዚንክ ጎረቤት የሌላቸው የቢ ብረቶች 12 በመቶ ብቻ ናቸው፤ 30 በመቶው አንድ፣ 32 በመቶው ሁለት፣ 19 በመቶው ሦስት የዚንክ ጎረቤት አላቸው። እያንዳንዱ ማግኔታዊ ያልሆነ ጎረቤት የልውውጥ ትስስሩን ስለሚያዳክም፣ በተለይ በክፍል ሙቀት፣ የቢ ሃይፐርፋይን መስክ (በኒውክለሱ ላይ ያለው ማግኔታዊ መስክ) አንድ ቁጥር ሳይሆን ወደ ዝቅተኛው ወገን የተዘረጋ ስርጭት ይሆናል። የዚህ ስርጭት ጅራት ቀጥታ በኤ ሴክስቴት ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለውን ስፔክትረም በሁለት ቀጭን ሴክስቴት ፊት ቢያደርጉ ኮምፒውተሩ ጥሩ የሚመስል መስመር ማውጣቱ አይቀርም፤ የሚሰጥዎ የስፋት ንጽጽር ግን ከናሙናው ይልቅ ከመነሻ ግምትዎ ጋር ይስማማል። ይህን ለማረጋገጥ የመነሻ ዋጋዎቹን ቀያይረው ፊቱን ደጋግመው ያሂዱ፤ ንጽጽሩ ከተንቀሳቀሰ አይመኑት።

መፍትሔው ከጋማ ጨረሩ ጋር ትይዩ በሆነ ጠንካራ ማግኔታዊ መስክ ውስጥ፣ በ5 ኬልቪን አካባቢ መለካት ነው። በብረት ላይ ያለው ሃይፐርፋይን መስክ ከብረቱ ሞመንት ጋር ተቃራኒ አቅጣጫ አለው። የውጭው መስክ የበላዩን የቢ ሞመንት ወደ ራሱ ሲስብ፣ የኤ ሞመንት ተቃራኒ ስለሚቆም በኤ ላይ የሚታየው መስክ ይጨምራል፣ በቢ ላይ የሚታየው ይቀንሳል። በ5 ቴስላ ውስጥ ሁለቱ ሴክስቴቶች በድምሩ ወደ 10 ቴስላ ይራራቃሉ፤ ተደራርበው የነበሩት የዳር መስመሮች በዓይን ይለያሉ። በዚህ ሙቀት ሌላም ጥቅም አለ። በክፍል ሙቀት የቢ ብረት ጋማ ጨረሩን ያለ ሪኮይል (ኒውክለሱ ሳይገፈተር) የመምጠጥ ዕድሉ ከኤ ብረት 0.94 ያህል ብቻ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1969 ሳዋትስኪና ባልደረቦቹ ያሳዩ ሲሆን፣ ይህ እርማት በክፍል ሙቀት ካልተደረገ ስሌቱ ያጋድላል፤ በዝቅተኛ ሙቀት ግን ሁለቱ እኩል ለመሆን ስለሚቀራረቡ እርማቱ ከቁጥር አይገባም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም አንድ መሠረታዊ ገደብ ይቀራል፤ በቴሲስ ግምገማዎች ላይ እንደዚህ የሚዘነጋ ነገር አላየሁም። ሞስባወር የሚያየው ብረትን ብቻ ነው። በእርስዎ ናሙና ላይ በቁጥር ላሳይዎ።

ዚንኩ በሙሉ ኤ ላይ፣ ኮባልቱ በሙሉ ቢ ላይ ቢሆን፣ ኤ ላይ 0.7፣ ቢ ላይ 1.3 ብረት ይኖራል፤ ንጽጽሩ 0.54 ነው። ለፌሪክ ብረት 5፣ ለኮባልት 3 ቦር ማግኔቶን (የአቶም ማግኔታዊ ሞመንት አሃድ) ብንሰጥ የቢ ድምር 8.6፣ የኤ ድምር 3.5፣ ልዩነቱ 5.1 ቦር ማግኔቶን ይሆናል፤ ይህም በዜሮ ኬልቪን ወደ 120 ኢኤምዩ በግራም ማለት ነው። አሁን 0.1 ዚንክ ወደ ቢ ተዛውሮ በምትኩ ብረት ወደ ኤ ይምጣ። የብረት ንጽጽሩ 0.67፣ ሞመንቱ 4.1 ይሆናል። በተቃራኒው 0.1 ኮባልት ወደ ኤ ገብቶ ብረት ወደ ቢ ቢወጣ፣ ንጽጽሩ ወደ 0.43 ወርዶ ሞመንቱ ወደ 5.5 ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ሞስባወር ሁሉንም ይለያቸዋል። ነገር ግን ሁለቱ ዝውውሮች በአንድ ጊዜ ቢካሄዱ፣ ኤ ላይ 0.2 ዚንክ፣ 0.1 ኮባልትና 0.7 ብረት፣ ቢ ላይ 0.1 ዚንክ፣ 0.6 ኮባልትና 1.3 ብረት ይኖራል። የብረት ንጽጽሩ ተመልሶ 0.54 ነው። በሞስባወር ፍጹም ሥርዓት ያለው የሚመስለው ናሙና ሞመንቱ 4.5 ብቻ ነው፣ ማለትም 106 ኢኤምዩ በግራም።

ስለዚህ ከሞስባወር ንጽጽር ብቻ ተነስቶ የኮባልትንና የዚንክን ቦታ በሁለት ዴሲማል የሚጽፍ ሰንጠረዥ ያልተነገረ ግምት ይዟል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግምቱ “ዚንክ ሁልጊዜ ኤ ላይ ነው” የሚለው ነው። ኤክስሬይ ዲፍራክሽንም ብዙ አይረዳዎትም፤ ብረት፣ ኮባልትና ዚንክ በኤሌክትሮን ቁጥር ስለሚቀራረቡ ጨረሩን የሚበትኑት በተቀራራቢ መጠን ነው። ክፍተቱን ለመሙላት ኮባልትን ለይቶ የሚያይ ዘዴ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚመረጠው በሲንክሮትሮን የሚሠራው የኤክስሬይ ማግኔቲክ ሰርኩላር ዳይክሮይዝም ነው (ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚዞር ፖላራይዜሽን ያለው ኤክስሬይ በሚመጠጥበት መጠን መካከል ያለው ልዩነት)። በብረት ኤል-3 ጠርዝ (ኤክስሬዩ በብርቱ መመጠጥ በሚጀምርበት ኢነርጂ) ላይ ከ708 እስከ 710 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ የኤ ብረትና የቢ ብረት ሲግናሎች ምልክታቸው ተቃራኒ ሆኖ ይታያል፤ በኮባልት ጠርዝ ላይ ደግሞ በ778 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ የኮባልቱን ቦታ ለብቻው መጠየቅ ይቻላል። ኤሌክትሮን በመቁጠር ሲለካ የሚያየው ላይኛውን ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ለ10 ናኖ ሜትር ቅንጣት ውጤቱ ወደ ገጽታው ያደላ መሆኑ አይዘንጋ። ሲንክሮትሮን ለመድረስ ጊዜ ይጠይቃል፤ እስከዚያው ባይሆን ግምትዎን በግልጽ ይጻፉ።

ሦስተኛው ጥያቄ የማግኔታይዜሽኑ ማነስ ነው። 52 ኢኤምዩ በግራም ወደ 2.2 ቦር ማግኔቶን ይተረጎማል፤ ከ5.1 ጋር ሲነጻጸር ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህን ልዩነት በሙሉ በካታዮን መዛባት ለማብራራት መሞከር የተለመደ ነው፤ እኔ ግን መጨረሻ ላይ የማነሳው ምክንያት ነው። አስቀድሞ የሚታዩ ሌሎች አሉ። 5.1 የዜሮ ኬልቪን ቁጥር ነው፤ ዚንክ የኪዩሪ ሙቀቱን (ማግኔታዊ ሥርዓቱ የሚጠፋበትን ሙቀት) ስለሚያወርደው የክፍል ሙቀቱ ዋጋ ከዚያ በታች መሆኑ የግድ ነው፤ የሚነጻጸረው የ5 ኬልቪን ልኬት ነው። በዚያ ሙቀት ደግሞ ኮባልት የያዘ ፌራይት አናይሶትሮፒው ከፍተኛ በመሆኑ በ1.5 ቴስላ አይጠግብም (ማግኔታይዜሽኑ ጣሪያው ላይ አይደርስም)፤ 5 ቴስላና ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ያለው የቅንጣቱ ገጽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ኮይ በደቃቅ የማግሄማይት (ማግኔታዊ የብረት ኦክሳይድ) ቅንጣቶች ላይ በጠንካራ መስክ ውስጥ በወሰደው የሞስባወር ስፔክትረም፣ ሁለተኛውና አምስተኛው መስመሮች መጥፋት ሲገባቸው እንዳልጠፉ አሳይቷል። ስፒኖቹ ሙሉ በሙሉ ከመስኩ ጋር ቢሰለፉ የስድስቱ መስመሮች ንጽጽር 3፣ 0፣ 1፣ 1፣ 0፣ 3 ይሆን ነበር፤ በዘፈቀደ ለተበተኑ ደግሞ 3፣ 2፣ 1፣ 1፣ 2፣ 3 ነው። በመካከል የሚገኝ ዋጋ የስፒኖቹን አማካይ ማዘንበል ይሰጣል፤ ለምሳሌ የሁለተኛው መስመር ስፋት ከመጀመሪያው አንድ አሥረኛ ቢሆን አማካይ ማዘንበሉ 22 ዲግሪ ነው። ይህን ለኤና ለቢ ለየብቻ ማስላት ስለሚቻል፣ ከላይ ለካታዮን ስርጭቱ የመከርኩት ልኬት እዚህም ያገለግላል። የገጽታው ድርሻ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ለመገመት፣ ከ10 ናኖ ሜትር ቅንጣት የአንድ ዩኒት ሴል ውፍረት ያለው፣ ማለትም 0.84 ናኖ ሜትር ቅርፊት ማግኔታዊ አስተዋጽኦ የለውም ብንል፣ ከቅንጣቱ መጠን 42 በመቶው ይጠፋል፤ 120 ኢኤምዩ ወደ 69 ይወርዳል። አንድም ካታዮን ቦታውን ሳይለቅ ማለት ነው። ማዘንበሉ በገጽታው ብቻ አይወሰንም፤ ያፌትና ኪተል እ.ኤ.አ. በ1952 እንዳመለከቱት ዚንክ ሲበዛ የኤና የቢ ትስስር ተዳክሞ የቢ ስፒኖች እርስ በርስ ይዛነፋሉ፤ በ0.3 ዚንክ ግን ይህ ገና ጎልቶ የሚወጣበት ደረጃ አይደለም።

ከሁሉም የሚቀለው ምክንያት ክብደት ነው፤ ኤፍቲአይአርዎም ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። በ580 እና በ400 የሞገድ ቁጥር (በአንድ ሴንቲ ሜትር የሞገዶች ብዛት) አካባቢ የሚታዩት ሁለት ባንዶች የብረትና የኦክስጅን ትስስር በኤና በቢ መኖሩን፣ ስፒነልም መሠራቱን ከመናገር አያልፉም፤ ሁለተኛው ባንድ ደግሞ ብዙ መሣሪያ በሚቆምበት ጠርዝ ላይ ስለሚወድቅ ቦታው እንኳ በትክክል አይነበብም። ስለ ስፒን የሚናገሩት ነገር የለም። ነገር ግን በ3400 እና በ1630 አካባቢ የውሃ፣ በ1380 አካባቢ ከመነሻ ጨዎቹ የተረፈ የናይትሬት ባንድ ካለ፣ በሚዛን ላይ ያስቀመጡት ግራም በሙሉ ፌራይት አይደለም። በሙቀት ክብደት ትንተና ናሙናው 8 በመቶ የሚያጣ ከሆነ 52 የተባለው እውነተኛ ዋጋ 56.5 ነበር። ከካታዮን ዝውውር በፊት ይህ መታረም አለበት። ራማን (በሌዘር የሚሠራ ስፔክትሮስኮፒ) የሚጠቀሙ ከሆነም የሌዘሩን ኃይል ዝቅ ያድርጉ፤ ናኖ ቅንጣት በሌዘር ሙቀት ወደ ሄማታይት (ሌላ የብረት ኦክሳይድ) ሊለወጥ ስለሚችል፣ በ225 እና በ292 የሚወጡ መስመሮች የናሙናው ሳይሆኑ የሌዘሩ ሥራ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለሞስባወር ልኬቱ የሚከተለውን ይጠንቀቁ። ናሙናው በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ብረት እንዲይዝ አድርገው ያሰናዱት፤ ከዚያ ከወፈረ ጠንካራዎቹ መስመሮች ይጨቆኑና የስፋት ንጽጽሩ ይዛባል። የፍጥነት ሚዛኑን በአልፋ ብረት ፎይል ያስተካክሉ፤ የእርሱ መስክ 33 ቴስላ ስለሆነ የዳር መስመሮቹ በ10.6 ሚሊ ሜትር በሴኮንድ ይራራቃሉ። የእርስዎ ግን በውጭ መስክ ውስጥ ከ50 ቴስላ ስለሚያልፍ የፍጥነቱ ክልል ቢያንስ ከ10 ሲቀነስ እስከ 10 ሲደመር ይሁን። የቢን ሴክስቴት በአንድ መስመር ሳይሆን በመስክ ስርጭት ፊት ያድርጉ። ለኤና ለቢ የመስመር ወርዶች የተለያየ ነፃነት ሰጥተው ንጽጽሩ ስንት እንደሚለዋወጥ ይመልከቱና ያንን ልዩነት እንደ ስህተት ወሰን ይመዝግቡት፤ ፕሮግራሙ ራሱ የሚያትመው የስህተት ወሰን አብዛኛውን ጊዜ ከእውነተኛው ያነሰ ነው። 0.54 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.05 ብለው ቢጽፉ፣ ከላይ ካሰላናቸው የተናጠል ዝውውሮች ውስጥ የትኞቹን ማስወገድ እንደቻሉ አንባቢው ራሱ ያያል፤ ድርብ ዝውውሩን ግን በዚህ ቁጥር እንዳላስወገዱት እዚያው ሰንጠረዡ ሥር ይግለጹ።